ለሁለት የተከፈለው ፎቅ ቤት

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሸጎሌ የገባችበትን አዲስ ቤት ልጠይቅ ሄጄ፣ መደርደሪያዋ ላይ መጻሕፍቷን ግራና ቀኝ ደግፎ የቆመ ጌጥ አየሁ። አንድ የእንጨት ፎቅ ቤት ለሁለት ተከፍሎ፣ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ። «አያምርም አባዬ?» አለችኝ። ያምራል አልኳት። ያቀረበችልኝን ፓስታ ግን ትቼ ጌጡን ደጋግሜ አገላበጥኩ።

እንዲህ ያለውን ነገር እኔም ሃያ ዓመት ሳይሞላኝ ቀጨኔ ሠርቼ ነበር። ከቤታችን በላይ፣ ዳገቱ ላይ ሰገነቱ የተንጋደደ አሮጌ ፎቅ ቤት ነበር። በሲባጎ ለካሁት፤ ደረጃውን አንድ በአንድ ቆጠርኩና ከአናጢ ቤት በለመንኩት የጽድ ቁርጥራጭ አስመስዬ አቆምኩት። ክረምት ስለነበር ኮላው አልደርቅ ብሎ አበሳዬን አሳየኝ፤ እናቴ በቆሎ እሸት ከምትጠብስበት ከሰል አጠገብ አስጠግቼ ነው ያደረቅኩት። መጽሐፍ እንዲደግፍ ብዬ መሃል ለመሃል በመጋዝ ከፈልኩት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ያን ጊዜ «ባለ እጅ» ማለት ስድብ ነው። ከሥሩ ስሜን ልጽፍ ስል እስክሪብቶዬን ቀማችኝ።

«ተው ልጄ፣ ስምህን አትጻፍበት። ነገ ሥራ ስትጠይቅ ይሰድቡሃል።»

እሺ አልኳት። ሞኝነቴ!

ግርማ የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረኝ፤ ዊንጌት አካባቢ አብረን ተምረን፣ አብረን ሥራ ፈትተን የተቀመጥን። አንድ ቀን የሕንፃ ንድፍ የሚሠራ ቢሮ አንድ ሞዴል ሠሪ እንደሚፈልግ ሰምቶ መጣ።

«አንተ ሰው ፊት አፍህ ይያዛል። እኔ ላሳይልህና እጠራሃለሁ፣ በቃ» አለኝ።

በጋዜጣ ጠቅልዬ ሰጠሁት። ሳምንት ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ታሞ ይሆናል ብዬ ተጨንቄ ቤታቸው ብሄድ «ሥራ ገብቷል» አሉኝ።

ቢሮው ስደርስ ግርማ ነጭ ጋዋን ለብሷል። የእኔ ቤት የአለቃው ጠረጴዛ ላይ ወፋፍራም መጻሕፍት ደግፎ ቆሟል።

«ማነው እሱ?» አሉ አለቃው።

«የማውቀው ልጅ ነው ጋሼ። ይቺን ስሠራ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትግልኝ ነበር» አለ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ።

ሰውየው ከወንበራቸው ተነሥተው ጨበጡኝ። «ጎበዝ!» አሉኝ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ጭራሽ አመስግኜ! እስከ ቀጨኔ ድረስ በዚያ ጭቃ እያለቀስኩ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እንጨት አልነካሁም፤ መዝገብ ቤት ስሠራ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ።

ልጄ ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ታዲያ የእኔ ነው አትላቸውም ነበር?» አለችኝ።

እናቴ ምን እንደምትሠራ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሁሉ ደብቄ ለግርማ ብቻ ነበር የነገርኩት። አፌን ብከፍት አለቃው ፊት ምን ብሎ እንደሚያዋርደኝ አውቅ ነበር፤ እሱም እንደማውቅ ያውቃል። ቤቱንስ ይውሰደው፣ እንጨት ነው። አምኜ በነገርኩት ምስጢር አፌን መለጎሙን ግን እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም።