በብርድ ልብሱ ውስጥ የቀረችው ስፒል

እትዬ ሳሊሃ ኮምቦልቻ ሃያ ዓመት ልብስ ሰፍተዋል። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ ይረፉ ቢባሉ እንቢ ብለው ፍራንክሊንተን ሰፈር ያለ አንድ ስፌት ቤት ገቡ። እኔንም ጎትተው ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው።

የምንሰፋው ግን ልብስ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት ወደ ጎረቤታችን ፕላኔት ወደ ቬነስ ሊልካት ላቀዳት መንኮራኩር የሙቀት መከላከያ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ሃያ ድርብ ብርማ ጨርቅ። ስሙም ብርድ ልብስ ይባላል። “ለእሳት አገር ብርድ ልብስ!” ብዬ ስቀልድ ይቆጡኛል፤ በሥራ ቀልድ አያውቁም።

እዚያ ቤት ያልተቆጠረ ብረት አይገባም። በድርቡ መሃል አንዲት ስፒል ብትቀር፣ መንኮራኩሯ ስትተኮስ በሚመጣው መንቀጥቀጥ ጨርቁን ትቀደዋለች። ሂጃብ የፈቀዱልንም በስፒል ሳይሆን በተቆጠረ ማግኔት እንድናሲዘው ነው። ያንን ፈቃድ ለስድስታችን ተከራክረው ያስገኙት እትዬ ሳሊሃ ናቸው።

ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ አገጫቸው ሥር ዳበስ አደረጉና ፊታቸው አመድ መሰለ። ጠዋት ማግኔቷ ብትጠፋባቸው፣ አውቶቡስ እንዳያመልጣቸው ሂጃባቸውን በስፒል ወግተው ወጥተዋል። በር ላይ አወልቃታለሁ ብለው ረስተዋታል። ወለሉን፣ ጠረጴዛውን፣ ልብሳቸውን በረበርን። የለችም። ብርድ ልብሱ ደግሞ ተሰፍቶ ተዘግቷል፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለሙከራ ሊወሰድ ነው።

“ልናገር ነው” አሉ።

“እትዬ፣ በአላህ! ከሥራ ፋየር ነው የሚያደርጉዎት። ሂጃባችንንም ያስወልቁናል። ስድስት ሴት ነን!”

ያልኩት እውነት ነው፤ እውነቱ ግን ያ ብቻ አልነበረም። ባለፈው ሐሙስ ይህንኑ ብርድ ልብስ ስሰፋ መርፌዬ ተሰብሮ ነበር። ስብርባሪው በሙሉ ተለቅሞ ለሱፐርቫይዘሯ ለዳያን መሰጠት አለበት። ጫፉን ባጣው፣ የሌላ አሮጌ መርፌ ጫፍ ሰብሬ ሰጠኋት። አዲስ ሠራተኛ ነኝ፤ ፈራሁ። አሁን የእሳቸው ስፒል ሲፈለግ የእኔ ጉድ ሊወጣ ነው።

“ጀነት፣ ይኼ ዕቃ አንዴ ከሄደ ማን ደርሶ ይጠግነዋል?” ብለውኝ ወጡ።

ዳያን ስትሰማ ፊቷ ቀላ። ሥራ አስቁማ ብርድ ልብሱን ራጅ ሥር አስገባች። ሁላችንም ስክሪኑ ፊት ቆምን። ቀኝ ጥግ ላይ ስፒሏ ከነጭንቅላቷ ወለል ብላ ታየች። እትዬ ሳሊሃ “አልሐምዱሊላህ” አሉ። ራጁ ወደ ግራ ቀጠለ። የፈሩት ይደርሳል፤ ነጭ ነጥብ ብቅ አለች። ዳያን አጎላቻት። የመርፌ ጫፍ!

“ይሄም ያንቺ ነው?” አለቻቸው በእንግሊዝኛ።

የግራው ጠርዝ የእኔ ስፌት ነው። ያስተማሩኝ እሳቸው ስለሆኑ እጄን ያውቁታል። ስክሪኑን አዩ፤ እኔን አዩ። “አዎ በሉ፣ አዎ በሉ” እያልኩ በልቤ ለመንኳቸው። እያፈርኩ ነው የምናገረው።

“ኖ። የእኔ አንዷ ናት” አሉ። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብለው፦ “ጀነት፣ ላንቺ ብዬ አልዋሽም፤ ባንቺ ላይም አልመሰክርም። አፍ አለሽ።”

እጄን አነሣሁ። ዳያን ዞር ስትል መጀመሪያ ያየችው ፊቴን ሳይሆን ሂጃቤን ነበር።

“ሂጃቤ ምንም አላደረገም” አልኳት። “የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።”