ትልቅ አውራ ዶሮ ዘግይቶ ይጮኻል

ጎረቤቴ ፔይሻን፣ ያንያን የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ያንያን ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም። የጠርሙስ ክዳን ስትደረድር ትውላለች፤ አንዷን ክዳን የነካባት ግን ወዮለት። አመሻሽ ላይ የቆሻሻ መኪናው ሙዚቃውን እያሰማ ሲመጣ እኛ የቆሻሻ ፌስታላችንን ይዘን ስንሮጥ፣ እሷ ጆሮዋን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለላለች።

እዚህ ታይናን ከተማ ልጅ አፉን ሳይፈታ ሲዘገይ ሰው ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር አለች፦ ትልቅ አውራ ዶሮ ዘግይቶ ይጮኻል። የፔይሻን አማትማ፣ አያት ስለሆኑ ሁላችንም አማ የምንላቸው ቺንሊየን፣ እንደ ጸሎት ይደግሟታል። ፔይሻን ሐኪም ላሳያት ባለች ቁጥር፣ "ባልሽም እስከ ሦስት ዓመቱ ዱዳ ነበር። አሁን ማን ዝም ያሰኘዋል?" ይሏታል። ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ይዛ ሁለቴም ሰረዘች።

አንድ ቀን ቁርስ ወደምሸጥባት ሱቄ መጥታ የእንቁላል ቂጣዋን ሳትነካ አለቀሰች። ሦስተኛው ቀጠሮ ሐሙስ ነው። ሐኪም ቤት እርዳታው በልጅነት ሲጀመር ይሻላል ብለዋታል፤ ልጅቷ ደግሞ አምስት ልትደፍን ነው።

"እንዳልወስዳት ያለ አማ እጅ ከደጅ ንቅንቅ አትልም" አለችኝ። "ብቀር ደግሞ ነገ ልጄን ምን እላታለሁ?"

እኔ ምላሴን መያዝ አልችልበትም። በማግስቱ አማ የአኩሪ አተር ወተት ሊገዙ መጡ። ገጠር ሳሉ አርባ ዓመት ዶሮ አርብተዋል።

"አማ፣ ከጫጩቶችዎ አንዱ ተነጥሎ ቢቆም፣ ጥሬም አልለቅምም ቢል፣ እስኪጮህ ይጠብቁ ነበር?" አልኳቸው።

"ምን ነካሽ፣ አንስቼ አየዋለሁ እንጂ!"

አሉና ወተታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ትተው ሄዱ። የሰው ቤት በጠበጥኩ ብዬ ቀኑን ሙሉ ሲጸጽተኝ ዋለ።

ሐሙስ ጠዋት ግን አማ የበዓል ሸሚዛቸውን ለብሰው፣ ያንያንን በእጃቸው ይዘው በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

ሐኪም ቤት የሆነውን ፔይሻን ናት የነገረችኝ። ሐኪሟ መቼ እንዳስተዋሉ ስትጠይቅ፣ አማ ከቦርሳቸው ከቀን መቁጠሪያ የተገነጠሉ፣ በላስቲክ የታሰሩ ወረቀቶች አወጡ። በየወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ ጽፈዋል፦ ዛሬ ሰባት ጊዜ ጠራኋት፣ አልዞረችም። ዛሬ ዝናቡን እያየች ሳቀች። የመጀመሪያው ወረቀት የተጻፈው ልጅቷ ገና ዓመት ከስምንት ወሯ ሳለች ነው። ከሁላችንም ቀድመው የፈሩት እሳቸው ነበሩ ለካ። ፔይሻን ስትነግረኝ አለቀስኩ፤ ያን ሁሉ ጊዜ ግትር አሮጊት እያልኩ አምቻቸዋለሁ።

አሁን ያንያን በሳምንት ሁለት ቀን ከአማ ጋር ወደ ሕክምናው ትሄዳለች። ምን እንደሆነ ገና እየተጣራ ነው። አታወራም፤ የምትፈልገውን ግን በሥዕል ታሳያለች። የቆሻሻ መኪናው ሲመጣም የጆሮ መሸፈኛዋን ራሷ አድርጋ ትወጣለች።

ትናንት ቆሻሻ ልንጥል ተሰልፈን ሳለን አንዷ ጎረቤት፣ "አይዞዎት አማ፣ ትልቅ አውራ ዶሮ ዘግይቶ ይጮኻል" አለቻቸው።

"ጮኸም አልጮኸም፣ ጥሬውን በጊዜ እየሰጠነው ነው" አሉና፣ ያንያን ያቀበለቻቸውን ፌስታል መኪናው ላይ ወረወሩ።