ሰው ያልሞተበት ለቅሶ

ይህ የገጠመኝ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ አጋማሽ፣ ሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ጀርባ ባለች አንዲት አሮጌ አፓርታማ ስኖር ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የአንዳንድ መምህሮቼ ስም እንኳ ጠፍቶኛል። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ማን የት ተቀምጦ እንደነበር አሁንም ልነግራችሁ እችላለሁ።

አስቀድሜ ስለ ትምህርቴ ላስረዳ፤ ማስረዳት ልማዴ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈራችንን ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። በሌላው ቀን ደግሞ በስላቭና በአካባቢ ጥናት የማስተርስ ተማሪ ነበርኩ። ትምህርቱ የተለያዩ ዘርፎችን የሚያጣምር ነው፤ የሩሲያን ቋንቋ፣ የምሥራቅ አውሮፓን ታሪክ፣ ኢኮኖሚውንና የሕዝቡን አኗኗር አንድ ላይ እንማራለን። የመረጥኩትም አገሬ ሳለሁ ስለ እነዚህ ሰዎች በየስብሰባው ያን ያህል ተነግሮኝ፣ ስለ ኑሯቸው ምንም አለማወቄ ስለገረመኝ ነው። ይህ ለአገሬ ልጆች ሊዋጥላቸው አልቻለም። “እኛ ከሶሻሊዝም ሸሽተን መጣን፣ አንተ ቱሽን ከፍለህ ትማረዋለህ” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። “ጓድ መምህር” የሚል ስምም አወጡልኝ።

ችግሬ መናገር ነበር። ሩሲያኛ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ። ለመናገር ስነሣ ግን ዓረፍተ ነገሩን በልቤ አስተካክዬ ሳልጨርስ ጨዋታው ያልፈኛል። በመጀመሪያው የቃል ፈተና ሦስት መምህራን ፊት ተቀምጬ ወድቄ ወጣሁ። ሁለተኛውንም ከወደቅኩ ከትምህርቱ እሰናበታለሁ፤ ከተሰናበትኩ ደግሞ የተማሪ ቪዛዬ አበቃ። በዚያን ዘመን ወደ አገር መመለስ ምን ማለት እንደነበር ግን ማስረዳት አያስፈልገኝም።

የደረሱልኝ ከታች ፎቅ የሚኖሩት እማማ ራይሳ ናቸው። እሳቸውና ባለቤታቸው አባባ ቦሪስ ከሶቪየት ኅብረት፣ ከኦዴሳ ከተማ የመጡ አዛውንት ናቸው። “እማማ” እና “አባባ” ያሏቸው ጎረቤቴ እትዬ ከዲጃ ናቸው። እትዬ ከዲጃ የደሴ ሰው ናቸው፤ አንድ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ልብስ ይጠግናሉ፤ ትልቅ ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አይሆንላቸውም።

እማማ ራይሳ የምማረውን ስነግራቸው ባላቸውን ጠርተው አብረው ሳቁብኝ። “እኛ ከዚያ ለመውጣት ስንት ዓመት ለመንን፤ አንተ ለመግባት ትለምናለህ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋት ጠዋት ሻይ እየቀዱ በሩሲያኛ ያናግሩኝ ጀመር። “ቃላቱን ወታደር አታድርጋቸው፣ አታሰልፋቸው፤ ዝም ብለህ ልቀቃቸው” ይሉኝ ነበር። እኔ ማሰለፌን አልተውኩም።

በፈተናው ዋዜማ ጠዋት ለመጨረሻ ልምምድ ወረድኩ። እትዬ ከዲጃም ቁልፍ የተከሉለትን የአባባ ቦሪስን ኮት ይዘው ተከተሉኝ። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አድርገን ስናይ እማማ ራይሳ፣ አባባ ቦሪስና አንዲት ሩሲያዊት ጎረቤታቸው አንገታቸውን ደፍተው ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። ሁልጊዜ የሚጮኸው ሬዲዮ ጠፍቷል። እማማ ራይሳ ቤት ውስጥ ጥቁር ሻርፕ አስረዋል። ቀና ብሎ ያየን የለም።

እማማ ራይሳ ሳንፍራንሲስኮ የምትኖር ነፍሰ ጡር ልጅ ነበረቻቸው። የመውለጃዋ ጊዜ ገና እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። እትዬ ከዲጃ ክንዴን ጨበጡኝና በሹክሹክታ “ልጅቱ ናት” አሉኝ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ተገብቶ “ማን ሞተ?” አይባልም። መጀመሪያ መቀመጥ ነው። ኮቴያችንን ሳናሰማ ገብተን ጥግ ያዝን። እትዬ ከዲጃ ኮቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ሻሻቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አደረጉ። እንባቸው ወረደ፤ ቀጥሎ ድምፃቸው መጣ። “ወይኔ ልጄን፣ ወይ የሰው አገር” ሲሉ እኔም መቻል አቃተኝ።

እማማ ራይሳ ብድግ አሉ። እትዬ ከዲጃን አዩ፣ እኔን አዩ። አንድ ቃል ሳይጠይቁ መጥተው እትዬ ከዲጃን አቀፉና አብረዋቸው ያለቅሱ ጀመር። አባባ ቦሪስ ውሃ ሊያመጡ ወደ ጓዳ ሮጡ። ሁለቱ ሴቶች አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ ሳያውቁ፣ ተቃቅፈው እየተወዛወዙ ይጽናናሉ።

እኔም የሚባለውን ለማለት ተነሣሁ። በሩሲያኛ “እግዚአብሔር ያጽናችሁ” አልኩና፣ “መቼ ነው ያረፈችው?” ብዬ ጠየቅኩ።

“ማን?” አሉ እማማ ራይሳ።

“ልጅዎ።”

ፊታቸው አመድ መሰለ። “ልጄ? ማን ነገረህ? ማን ደወለልህ?”

አባባ ቦሪስ ውሃውን ጥለው ስልኩን አነሡ። ቁጥሩን ሲያዞሩ ተሳስተው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። እኔ ማንም እንዳልነገረኝ፣ ዝምታቸውን አይቼ እንደሆነ፣ በእኛ አገር ሰው እንዲህ የሚቀመጠው ሲሞትበት እንደሆነ ሳላቋርጥ አወራለሁ። የሚሰማኝ አልነበረም። ሁሉም ዓይኑን ስልኩ ላይ ተክሏል። አባባ ቦሪስ የአማቻቸውን ድምፅ ሲሰሙ ግድግዳውን ተደገፉ። ከሆስፒታል ገና መግባቱ ነበር። እናቲቱም ሕፃኑም ደኅና ናቸው፤ ተኝተዋል።

ለካ ልጅቱ ንጋት ላይ ያለ ጊዜዋ ወልዳ፣ አያቶቹ ወደ እሷ ሊጓዙ ተነሥተው ኖሯል። ሻንጣቸውን እኛ ራሳችን በገፋነው በር ጋርደነዋል። በአገራቸው ልማድ መንገደኛ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከሸኚዎቹ ጋር ጥቂት በዝምታ ይቀመጣል። ስለ ሕዝቡ አኗኗር ያን ያህል ሳነብ ይህን ወይ አላገኘሁትም፣ ወይ ዘልዬዋለሁ።

ለእትዬ ከዲጃ ተረጎምኩላቸው። ጥቂት አሰቡና “ታዲያ እሳቸው ምን ሆነው አለቀሱ?” አሉኝ።

ይህንንም ጠየቅኩ። እማማ ራይሳ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ “የእሷ ሰው የሞተ መስሎኝ ነዋ” አሉ። በመጀመሪያ የሳቁት አባባ ቦሪስ ናቸው። ከዚያ ሁላችንም፣ እየተደጋገፍን።

እማማ ራይሳ በእንባ የተጀመረ መንገድ አይቀናም ብለው እንደገና እንድንቀመጥ አዘዙ። አምስታችንም ተቀመጥን። በዚህኛው ዝምታ የእትዬ ከዲጃ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ለመንገደኞቹ ዱዓ ያደርጉ ነበር።

ስንለያይ እማማ ራይሳ ጉንጬን ያዝ አደረጉኝ። “ዛሬ ስታወራ አንድም ቃል አላሰለፍክም” አሉኝ። “ግማሹ ስህተት ነበር። ግን ገብቶኛል። እንዲያውም ከመጠን በላይ ገብቶኛል።”

በማግስቱ ሦስቱ መምህራን ፊት ቀረብኩ። የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ እርሻ ፖሊሲ ነበር። እንደ ልማዴ ማሰለፍ ጀመርኩ። ከዚያ ትናንት ካልኩት የባሰ ነገር ልናገር እንደማልችል ታሰበኝና ቀጠልኩ። አረሙኝ፤ ቀጠልኩ። በመጨረሻ ትልቁ መምህር ስህተቴ ብዙ ቢሆንም እኔን ማስቆም ግን እንደማይቻል ነግረው አሳለፉኝ። ቪዛዬም ተረፈ።

አሁን ሳስታውሰው “ልጅዎ” ያልኩበት ቅጽበት ዛሬም ያሳፍረኛል። ግን ከኀፍረቱ በልጦ የሚመጣብኝ ሌላ ነው። እኛን ያስለቀሰን የምናውቀው ልማድ ነው። እማማ ራይሳ ግን ሻንጣቸው ተዘግቶ፣ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው እየጠበቃቸው፣ ማን እንደሞተብን እንኳ ሳይጠይቁ ላልሞተብን ሰው አለቀሱልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ እሳቸው ሳወራ “ባዳ” የሚለው ቃል ከአፌ አይወጣልኝም።