በግራ እጅ የተሰፋው መሶብ

በሞጣ ስፌት የምታውቅ ሴት ሁሉ የእማሆይ ወለተ ሐናን መሶብ ከሩቅ ትለየው ነበር። እማሆይ ግራኝ ስለነበሩ ዙሩም ጥለቱም የሚሄደው ከሌላው ሰው ስፌት በተቃራኒ ነው፤ ልቅዳ ያለች ሁሉ ባለቀለሙ ሣር፣ አለላው፣ ይዘበራረቅባትና ትተወዋለች። እናት ሙያዋን ለልጇ ትሰስታለች ወይ ቢሉ፣ አዎ ትሰስታለች። አንድ ልጃቸው ጥሩአየሁ አሳዩኝ ብላ ብትለምን፣ ብትለማመጥ፣ መልሳቸው ያው ነበር።

«ስሞት ታገኚዋለሽ።»

ሞቱ፤ ጥለቱም አብሯቸው ተቀበረ። ጥሩአየሁ በራሷ ስፌት ስም ያተረፈች ሴት ናት፤ ይህ ነገር ግን ከአንጀቷ አልወጣም። ልጇን ስርጉትን እንዲህ ላታደርጋት፣ የምታውቀውን ሁሉ በቁሟ ልታወርሳት ምላለች። ስርጉት በጥር ወደ ቢቸና እንድትዳር ቀን ሲቆረጥ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የአያቷ ጥለት ያለበት መሶብ። እናቷም ጥለቱን ባታውቀውም ሆዷ አልችል ብሏት እሺ አለች።

መስከረም ሲጠባ ጥሩአየሁ የመሶብ መስፊያውን ሣር፣ ስንደዶ ፍለጋ ወጣች። ድሮ ሜዳው ሁሉ ስንደዶ ነበር፤ ዛሬ ያልታረሰው ባሕር ዛፍ ለብሷል። ረጅሙን ስንደዶ ያገኘችው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ፣ መቃብሮቹ ላይ ብቻ ነው። እንጀራ የሚቀርብበት ዕቃ በመቃብር ሣር እንደማይሰፋ ሕፃን ያውቃል። ጥሩአየሁ ግን የገዛ እናቴ ናቸው፣ ማን ይከለክለኛል ብላ ከእማሆይ መቃብር ላይ ሁለት እቅፍ ነቀለች። ሌላው ሣር በነፋሱ ሲወዛወዝ የእማሆይ መቃብር ሣር ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አይታ እንዳላየች ሆነች።

ስንደዶው ደርቆ ስፌቱን በጀመረች በሦስተኛው ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ ደጃፏ ተቀምጣ ስትሰፋ ጎረቤቷ ብሩክታይት ስታልፍ ቆም አለች።

«ይኼ የእማሆይ እጅ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አንቺ ደግሞ መቼ ነው ግራኝ የሆንሽው?»

ጥሩአየሁ እጇን አየች። ወስፌው በግራዋ ነበር። ወደ ቀኟ ብታዛውረው፣ ሠላሳ ዓመት የሰፋው ቀኝ እጇ እንደ ጀማሪ ስፌቱን ሳተ። ፈራች። ደስም አላት፤ ዕድሜዋን ሙሉ የተመኘችው ጥለት ጭኗ ላይ እየተሠራ ነበርና። ወስፌውን ወደ ግራዋ መለሰችው።

መሶቡ ለሠርጉ ደረሰ፤ በቢቸና ያየው ሁሉ አደነቀው። ስርጉት ለመልስ ሞጣ ስትመጣ የስፌት ሣር አክርማና ወስፌ ይዛ እናቷ አጠገብ ተቀመጠችና ጥለቱን እንድታሳያት ጠየቀች። ጥሩአየሁ ይህችን ቀን ስንት ዘመን ጠብቃታለች። ነይ ቅረቢ፣ አሳይሻለሁ ልትል አፏን ከፈተች።

«ስሞት ታገኚዋለሽ።»

ድምፁ የእማሆይ ነበር። ስርጉት እናቷ አያቷን የቀዳች መስሏት ከልቧ ሳቀች።

ጥሩአየሁ እንደገና ሞከረች። የወጣው ያው ቃል ነው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር እንባዋ ይወርድ ነበር፤ ስርጉትም መሳቋን አቆመች።