ጎድጓዳው ውስጥ የመታሁት ምስማር

ልጄ ተራራ ልትወጣ መሆኗን የነገረችኝ የበር መቃን እየለካሁ ሳለሁ ነው። የሜትሩን አንድ ጫፍ እሷ ይዛልኛለች፣ ሌላውን እኔ። ስቆጣ እጄን ስለማወናጭፍ፣ እጄ ሥራ የያዘበትን ሰዓት መርጣ ይመስለኛል።

"አባ፣ ጥር ላይ ለእረፍት ስንወጣ ባሌ እንሄዳለን። ከግቢ ልጆች ጋር፣ ሰባት ነን።"

"ምን ልታደርጉ?"

"ተራራ ልንወጣ።"

"ተራራው ላይ ምን አለ?"

"ምንም።"

"ለምንም ነው ሁለት ቀን አውቶቡስ ላይ የምትቀመጪው?"

ሜትሩን ለቀቀችው፤ ተጠቅልሎ መጥቶ ጣቴን መታኝ።

እኔ አናጺ ነኝ። ጅማ ተወልጄ ጅማ ውስጥ ሸብቻለሁ። ትምህርት ቤት የገባሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ልጆቼ ጨርሰው ከጣሏቸው መጻሕፍት ለቃቅሜ ተምሬያለሁ። ሰው ያለ ጉዳይ ከቤቱ መውጣት የለበትም ብዬ አምናለሁ፣ ይህንንም ለልጆቼ ሳልናገር የዋልኩበት ቀን ጥቂት ነው። ይህች ልጅ ግን ኪቶ ፉርዲሳ፣ የዩኒቨርሲቲው ምህንድስና ግቢ፣ ከገባች ወዲህ "አይሆንም" ስላት "ለምን?" ማለት ጀምራለች። የነበረኝ መልስ አንድ ብቻ ነበር፦ እፈራለሁ። እሱን ደግሞ ለልጅ መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ሌላ ነገር ተናገርኩ።

"መንገዱን እኔ አወጣዋለሁ። እኔ ካወጣሁት ውልፍት ካልሽ ግን እዚህ ቤት አትመለሺም።"

በማግስቱ የተራራውን ካርታ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካለ ማተሚያ ቤት በትልቅ ወረቀት አሳትማ አመጣችልኝ። ካርታ ማንበብ የተማርኩት ከእሷው የጂኦግራፊ መጽሐፍ ነው። ቀጫጭኖቹ የተጠማዘዙ መስመሮች እያንዳንዳቸው አንድ ከፍታ ናቸው፤ ሲቀራረቡ ዳገቱ ይበረታል፣ ሲራራቁ ይለዝባል። ወረቀት ግን ለእኔ ዓይን ጠፍጣፋ ነው። በእጄ ካልዳሰስኩት አይገባኝም። በየቀኑ ከዐስር ሶላት በኋላ ኮምፔንሳቶ እየቆረጥኩ፣ ለእያንዳንዱ መስመር አንድ ንብርብር፣ በኮላ እያጣበቅኩ ተራራውን በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ሸቤ ከተማ ላለ ሰው ቀጠሮ የሰጠሁበት የመስኮት ሥራ ዘገየ፤ ቀጠሮ ያፈረሰ ሰው አልወድም፣ እኔው አፈረስኩ።

ሲያልቅ ቀይ ክር ዘረጋሁበት። መዞሪያው ላይ ሁሉ ትንሽ ምስማር እየመታሁ፣ ክሩን እየጠመጠምኩ፣ ከግርጌው መንደር እስከ ጫፉ ድረስ ወሰድኩት። ለማደሪያ የመረጥኩት ከሸንተረሩ በታች ያለውን ጎድጓዳ ሜዳ ነው። በሦስት በኩል ተከልሏል፣ ምንጭም አለው። እኛ አገር ጠላታችን ነፋስ ነው። አባቴ የቡና ችግኝ የሚያፈላው ዝቅ ያለ፣ የተከለለ፣ ለውሃ የቀረበ ቦታ ላይ ነበር፤ ቤታችንም እንደዚያው ተሠርቶ ነበር። ስለዚህ ቦታውን ለመምረጥ ብዙ አላሰብኩም። ትልቁን ምስማር እዚያ መታሁት።

ልጄ መጥታ ዞረችው። ጎንበስ ብላ በጎድጓዳው አቅጣጫ ተመለከተች።

"አባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ከፍ ብንልስ?"

"ከፍ ያለው ቦታ ነፋስ አለ።"

"ነፋሱ ሳይሆን..."

"ተናግሬያለሁ።"

"እሺ አባ።" በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ያንን እሺ እንደ መታዘዝ ቆጠርኩት። ደስ ብሎኝ እንደነበር አልደብቅም።

በጥር አጋማሽ ሄደች። ከተራራው ግርጌ መልእክት ላከች፦ "ነገ ጠዋት እንጀምራለን። ሦስት ቀን ኔትወርክ የለም። አይጨነቁ።" አልተጨነቅኩም። መንገዱ የእኔ ነው።

መውጣት በጀመሩበት ቀን የቡ ከተማ ላለ የቡና መጋዘን የሠራሁትን በር ልገጥም ሄድኩ። ግቢው ውስጥ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል፤ የመጋዘኑ ጥበቃ፣ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው፣ ወፎቹን እያባረረ አጠገቤ ቆመ። በኦሮምኛ ስናወራ አነጋገሩ ከወዲያ ከባሌ መሆኑን ነገረኝ። ጠየቅኩት፤ እዚያው ተራራ ሥር ነው ያደገው። ልቤ ሞቀና መኩራት አማረኝ። ልጄ አሁን እዚያ እንደምትወጣ፣ መንገዱን ያወጣሁትም እኔ እንደሆንኩ አጫወትኩት።

"የት ነው የሚያድሩት?" አለኝ።

ጎድጓዳውን አስረዳሁት። በርግጥ ያውቀዋል፤ ምንጩንም ጭምር።

"ለኪ!" አለ፣ አይሆንም ማለቱ ነው። "እዚያ ማን ያድራል? እኛ ፈረስም አናሳድርበትም።"

"ለምን? ነፋስ የለውም እኮ።"

"ነፋስ ቢኖረው ይሻለው ነበር። ብርዱ እንደ ውሃ ቁልቁል ይወርድና እዚያ ይተኛል፣ ወንድሜ። በዚህ በጥር ጠዋት ብትሄድ ምንጩ ድንጋይ ሆኖ ታገኘዋለህ። የእናንተን አገር ዝቅታ መስሎህ ነው እንጂ!" ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ሳቁን ተወው። "ብርድ ልብሳቸው ደህና ነው?"

አላውቅም። ስለ ብርድ ልብስ አልጠየቅኳትም። የጠየቅኳት ሶላቷን እንዳትተው ብቻ ነው።

ደወልኩ። ማግኘት አይቻልም ትለኛለች ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ። በሩን ገጠምኩ፣ ደወልኩ፣ ማጠፊያውን አጠበቅኩ፣ ደወልኩ። ስጨርስ ጥበቃው በሩን ገፋ አደረገና፦ "ይሄ ወደ ውስጥ ነው እንዴ የሚከፈተው? ከረጢቱ ሲደረደር በምን እንወጣለን?" አለኝ። በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በር አዙሬ ገጥሜ አላውቅም። ነቅዬ እንደገና ስገጥመው ቀኑ አለቀ፤ እነሱም አሁን ድንኳን እየተከሉ ነው፣ እኔ ባልኳቸው ቦታ።

በማግስቱ መቀመጥ አቃተኝ። የሥራ ቤቴ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። የእንጨቱ ተራራ ጠረጴዛው ላይ አለ፤ በጨርቅ ሸፈንኩት፣ መልሼ ገለጥኩት። ለሚስቴ አልነገርኳትም። እንዳትደነግጥ ብዬ ነው ብል ውሸት ነው፤ አፍሬ ነው። አንድ በርጩማ አንስቼ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ያዝኩ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሚስቴ ምሳ ይዛልኝ መጣችና ቆማ አየችኝ።

"ያ ነምቻ፣ አንተ ሰውዬ፣ ያንን በርጩማ ወረቀት ልታደርገው ነው?"

ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ስጠብቅ ምሳውን ፈታችልኝ።

"ያቺ ልጅ አንተ ያልካትን ሁሉ የምታደርግ ይመስልሃል?"

"እሺ ብላኛለች።"

"እኔም እሺ እልሃለሁ" አለችና ሄደች።

ከዙህር ሶላት ስመለስ ስልኩ ጮኸ።

"አባ! ወረድን! ሁላችንም ደህና ነን።"

"አልሐምዱሊላህ።" ያለሰለስኩት በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። "የት አደራችሁ?"

"እዚያው... እርስዎ ያሉን ቦታ።"

ስትዋሽ ድምጿ ይቀጥናል፣ ከልጅነቷ ጀምሮ።

"ወላሂ በይ።"

ከጀርባዋ ልጆቹ ሲሳሳቁ ይሰማኛል።

"አባ፣ ከፍ ብለን ነው ያደርነው። የተራራው ትከሻ ላይ፣ ከቋጥኙ ጀርባ። ጠዋት ቁልቁል ስናይ ጎድጓዳው ነጭ ነበር። ሣሩ ሁሉ ነጭ።"

"መቼ ነው የቀየርሽው?"

"ፎቶውን ባነሳሁ ማግስት። የአገሩን መንገድ መሪ በስልክ ጠየቅኩት፣ እዚያ አይታደርም አለኝ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ልነግርዎት ጀምሬ ነበር እኮ። ተናግሬያለሁ አሉኝ።"

ውሸት ነውር ነው ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፤ አሁንም ነውር ነው። ግን ሰባት ሰው ያለ ጉዳት ያደረው ልጄ ስለዋሸችኝ ነው፣ የዋሸችኝም እውነቱን የምትናገርበት ቦታ ስላልተውኩላት ነው። ይህን ያኔ በስልክ አላልኩትም። "ስትመጪ እንነጋገራለን" አልኩና ዘጋሁ። ከዚያ ወጥቼ እስከ ገበያው ሄጄ፣ ምንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

ትልቁን ምስማር ነቀልኩት፤ ቀዳዳው ቀረ። እኛ አናጺዎች ሰጋቱራ በኮላ ለውሰን ስህተታችንን እንደፍናለን፤ ሲላግ ባለቤቱም አያውቀውም። ለውሼ ያዝኩና መልሼ ጣልኩት። ይታይ አልኩ።

በሳምንቱ መጣች፤ አፍንጫዋ በፀሐይ ተልጧል። የምቆጣት መስሏት ከሩቅ ቆመች። ተራራውን ገለጥኩላትና የነቀልኩትን ምስማር ሰጥቼ መዶሻውን በእጀታው በኩል ዘረጋሁላት።

"የት ነው ያደራችሁት? አንቺው ምቺው።"

ተጠራጥራ አየችኝ፣ ከዚያ ቦታውን በጣቷ ፈልጋ አገኘችው። ሁለት ጊዜ መታች። ምስማሩ ወደ ጎን ተጣመመ።

"ተጣመመ እኮ፣ አባ።"

እጄ ሊያቃናው ተነሳ። እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት።