ጋቢ የለበሰ ሞተር

የናዝሬቱ ባለታክሲ ራህመቶ የአሮጌ ሴይቼንቶ ታክሲውን ሞተር አውርዶ ቤቱ ውስጥ ፈታታው። መልሶ ሲገጥመው ነፋስ ተነሳ። የናዝሬት ነፋስ ደግሞ በተዘጋ በር የሚገባ ጉድ ነው! «አሸዋ ከገባበትማ አለቀልኝ» ብሎ፣ ሚስቱ በድሪያ ወለንጪቲ እህቷ ዘንድ ናትና፣ ሞተሩን ከጓደኛው ጋር ተሸክሞ አልጋቸው ላይ አጋደመው፤ ጋቢም አለበሰው።

ጎረቤታቸው እትዬ የሺዓለም በድሪያን ለቀበሌ የሴቶች ስብሰባ ሊጠሩ መጡ። ጋቢውን አዩ።

«ውይ በድሪያ! አሟት ነው?»

ያኔ በደርግ ጊዜ ከስብሰባ መቅረት ጣጣ ነበረው። ራህመቶ አንገቱን ደፋ። «አሁን ገና ነው የተኛችው፤ አይቀስቅሷት።»

ከዚያማ ሰፈሩ አጥሚትና ብርቱካን ይዞ ተመመ። ራህመቶ ጠያቂ ሲወጣ አጥሚቱን ጠጥቶ ብሎን ያጠብቃል፤ ጠያቂ ሲገባ ጋቢውን መልሶ ያለብሳል።

በሦስተኛው ቀን በድሪያ መጣች። አጥሚት ይዘው በር ላይ የቆሙት እትዬ የሺዓለም ሲያይዋት አማተቡ። በድሪያ ገብታ ጋቢውን ገለጠች። ሞተሩን አየች፤ የብርቱካኑን ልጣጭ አየች፤ ባሏን አየች።

«አንተ ሰውዬ» አለች፣ «አሥራ ሁለት ዓመት አብሬህ ስኖር ስንቴ ታምሜያለሁ፤ እኔን አንድ ቀን እንዲህ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?»