በጽዮን ቀን የተቆፈረው መደብ

ሊይዙኝ ሲመጡ ጓሮዬ ውስጥ ተንበርክኬ ድንች እያወጣሁ ነበር። መስከረም ተጋምሷል፤ መሬቱ ገና ርጥብ ነው። ሁለት ሆነው አጥሩ ጥግ ቆሙና አንደኛው፣ «መምህር፣ ለጥያቄ ነው፤ ቶሎ ትመለሳለህ» አለኝ። እጄን ልታጠብ ብል፣ «እዚያ ውሃ አለ» አሉኝ። አልነበረም። ከከተማችን ከአርብ ገበያ በጭነት መኪና ተጭኜ ሌላ ከተማ ስደርስ ጭቃው ጥፍሬ ውስጥ ደርቆ ነበር።

የታሰርንበት ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነው። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፤ ቀን ያቃጥላል፣ ማለዳ ያንቀጠቅጣል። የነቀዘ ባቄላ ይሸታል። ሃያ ምናምን ሰዎች ነበርን፤ በየጊዜው እየተጠራን እንመረመራለን። እግሬን የምዘረጋበት ቦታ የለቀቁልኝ አንድ የስማዳ የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ እንላቸዋለን። ጥፋታቸው ደጃቸው የመጣ መንገደኛ ማሳደራቸው ነው። «የታጠቀ ነበር ይሉኛል» አሉኝ። «እኔ እንደሁ ዓይኔ ደክሟል። እግሩ እንደ ቆሰለ ብቻ አየሁ።» ይህን ሲናገሩ ሳል ሁለት ጊዜ አቋረጣቸው።

በሳምንቱ የኔታ እጄን ይዘው ጥፍሬን አዩና፣ «አንተስ መምህር ብቻ አይደለህም» አሉኝ። ከመጋዘኑ ጀርባ አረም የዋጠው ክፍት ቦታ ነበር። የኔታ እሱን እንድናለማ የግቢውን ኃላፊ ለመኑት። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሰለቸው ሰው ነው። ለሁለታችን ጠዋት ጠዋት አንድ ሰዓት ፈቀደልንና እጀታው የላላ ዶማ ሰጠን።

የጎመን ዘር ባለቤቴ ከስንቅ ጋር በወረቀት ቋጥራ ላከችልኝ። ዝናቡ ሲያቆም የታጠብንበትን ውሃ በጣሳ እያመላለስን አጠጣን። ጥቅምት ላይ ጎመኑ ቅጠል አወጣ። ወርኃ ጽጌ ነበርና የኔታ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው እያረሙ ማኅሌቱን ለራሳቸው ያንጎራጉራሉ። ሳሉም ቀለል አለላቸው። ያቺ አንድ ሰዓት መድኃኒታቸው እንደ ሆነች ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ኃላፊውም ጭምር።

ኅዳር ሃያ አንድ ቀን ጠዋት ኃላፊው እየተጣደፈ መጣ። «ነገ አለቆች ይመጣሉ። ግድግዳው ሥር ሌላ መደብ ቆፍሩና ችግኝ አዛውሩበት። ግቢው ለምለም ይምሰል።»

የኔታ ዶማውን አልተቀበሉም። «ዛሬ ጽዮን ማርያም ናት። ውሃ ላጠጣ፣ ቅጠል ልቀንጥብ እችላለሁ። መሬት ግን አልቆፍርም።»

«የኔታ፣ እኔም ክርስቲያን ነኝ። ምን ላድርግ፣ ትእዛዝ ነው።»

«እንግዲያ ቀኑን ታውቀዋለህ።»

«ዛሬ ከገቡ ዳግመኛ አይወጡም።»

«ልግባ።»

ገቡ። ኃላፊው ዶማውን ወደ እኔ ዘረጋው፤ ተቀብዬ ቆፈርሁ። ለእሳቸው ስል ነው፣ ጎመኑ እንዳይጠፋባቸው ነው እያልሁ ራሴን ለማሳመን ሞክሬአለሁ። ውሸት ነው። ፀሐይዋን ማጣት ፈራሁ፣ በቃ።

ስገባ፣ «ቆፈርህ?» አሉኝ።

«ቆፈርሁ።»

«እሺ። ጎመኑን አጠጣው፤ እሱ ምን አጠፋ? እኔ ግን ከዚያ መደብ የወጣ አልቀምስም። የቤተ ክርስቲያን ሕግ ነው አልልህም፤ የራሴ ነገር ነው።» አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ብቻዬን እወጣ ጀመር። የነቢያት ጾም ገብቷል፤ የየኔታ ስንቅ ከስማዳ በሳምንት አንዴ የሚመጣ ድርቆሽ ብቻ ነው። እኔ ከፊተኛው መደብ ቅጠል ቀንጥቤ፣ በጠባቂዎቹ ማድቤት ለብቻው አስቀቅዬ አመጣላቸዋለሁ። ሳሉ ተመልሶባቸዋል፤ ጉንጫቸው ጎድጉዷል። ሳህኑን ሳስቀምጥ ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ «ከየትኛው ነው?»

«ከፊተኛው።»

ያማትቡና ይበላሉ።

ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ጣለ። አንድ ጠዋት ስወጣ የፊተኛው መደብ ጠቁሮ መሬት ላይ ተኝቷል። ግድግዳው የጋረደው፣ በጽዮን ቀን የቆፈርሁት፣ ለምልሟል። ከእሱ ቀንጥቤ አስቀቀልሁ። በሩ ጋ እስክደርስ የምላቸውን አዘጋጅቼ ነበር። ዓይናቸው አይለይም፤ ጎመን ጎመን ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ምግብ ያስፈልጋቸዋል።

«ከየትኛው ነው?»

አፌን ከፈትሁ፤ «ከፊተኛው» ማለት ግን አቃተኝ። «ከኋለኛው ነው፣ የኔታ። የፊተኛውን ውርጭ መታው።»

ሳህኑን አጠገባቸው ላለው እስረኛ አሳልፈው፣ «ስለ ነገርኸኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉኝ። ደሜ ፈላ። «ለአንድ ጎመን ሲሉ ሊሞቱ ነው እንዴ?» ብዬ ጮኽሁባቸው። ቤቱ በሙሉ ወደ እኛ ዞረ።

«አትጩህ፤ ያስለኛል» አሉ። «ቁጭ በል፤ ያለውን እንብላ።»

ድርቆሹን ውሃ ነካ አድርገው በጨው ሰጡኝ። ጎመኑን ሌሎቹ እስረኞች ሲበሉት እኔም እንደሳቸው ደረቁን በላሁ። ሌላ የምክሳቸው ነገር አልነበረኝም።

በሳምንቱ ግድም ከጠቆሩት ግንዶች አንዳንዱ ሥሩ ላይ አቆጠቆጠ። ጥፍር የሚያህሉ ቅጠሎች ናቸው፤ ለቅሜ ለቅሜ አንድ ጭብጥ አልሞላ አለኝ። አስቀቅዬ አመጣሁላቸውና ጥያቄአቸውን ጠበቅሁ። መልሱን ለመናገር ቸኩዬ ነበር።

አልጠየቁኝም። አማተቡና በሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ እስከምፈታ ድረስ፣ አንድም ቀን አልጠየቁኝም።

ጥምቀት ሲያልፍ ፈቱኝ፤ እሳቸውም ከእኔ ኋላ ተፈትተው ወደ ጉባኤያቸው ተመለሱ ሲሉ ሰማሁ። ሰው ስለ እስሩ ሲጠይቀኝ ይደክመኛል። ለመርማሪዎቹ አንዱን ቃል ደጋግሜ ሰጥቻለሁ፤ እውነት ነበር፣ ግን አንድም ቀን አላመኑኝም። መጨረሻ ላይ እኔም ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር። አሁን ከዚያ ቤት ምን ይዘህ ወጣህ ቢሉኝ ሌላ የምለው የለኝም፤ አንድ የተራበ ሽማግሌ ያመጣሁለትን ሳይጠይቀኝ በላ።